ተኩላው ዳር ቆሞ እንዳያይ፦ የዱር ተዋጊን ክላስ እንደገና እንዴት እንሥራው?

አውሬ አስከትሎ ዱር ለዱር የሚዞር ተዋጊ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ደስ ይላል። ውጊያው ሲጀመር ግን ብዙ ጊዜ ተኩላው ዳር ቆሞ ተመልካች ይሆናል።

ዳይስ እየጣሉ ገጸ ባህሪ በሚጫወቱበት ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በተባለው ጨዋታ የ2014 ሕግ የገጠመው ችግር ይኸው ነው። ሬንጀሩ፣ ማለትም የዱር ተዋጊው ክላስ (የገጸ ባህሪ ዓይነት)፣ እንስሳውን «ንከስ!» ለማለት የራሱን አክሽን፣ ማለትም የተራውን ዋና ድርጊት፣ መክፈል ነበረበት። በተለይ ከ5ኛ ሌቭል (የገጸ ባህሪው የእድገት ደረጃ) በፊት ወይ እሱ ይወጋል ወይ ተኩላው ይነክሳል። ሁለቱም አብረው አይዋጉም። እንግዲህ እንስሳው ለምን መጣ?

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ተራው ነው። ትእዛዙን ርካሽ አድርጉት። በ2020 የወጣው ማሻሻያ ትእዛዙን ወደ ቦነስ አክሽን፣ ማለትም ከዋናው ድርጊት ጎን ወደሚፈቀድ ትንሽ ድርጊት፣ አወረደው፤ ካልታዘዘ ደግሞ እንስሳው ራሱን ይከላከላል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ለእንስሳው ሙሉ ነጻ ተራ መስጠት ያጓጓል፣ ግን አንድ ሰው ሁለት ገጸ ባህሪ ሲያንቀሳቅስ ሌላው ስልኩን ማየት ይጀምራል።

ቀጥሎ ሒሳብ አለ። ሬንጀሩንና እንስሳውን እንደ አንድ ሰው ቁጠሯቸው። በ5ኛ ሌቭል የቡድኑ ሌሎች ተዋጊዎች ሁሉም ምታቸው ቢሳካ በአንድ ተራ በአማካይ 18 ጉዳት ያደርሳሉ እንበል። ሬንጀሩ ሁለት ጊዜ ሲወጋ በእያንዳንዱ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጥሎ 3 ይጨምር፤ ይህ በአማካይ 13 ነው። ተኩላው በአንድ ንክሻ ያንኑ ዳይስ ጥሎ 2 ይጨምር፤ 5.5 ይሆናል። ድምሩ 18.5፣ ማንም አያኮርፍም። እንስሳው ከጠቅላላው ሲሶ ገደማ ይያዝ። ከዚያ ካነሰ ጌጥ ነው፣ ካለፈ ደግሞ ሬንጀሩ የውሻ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ሞቱ። እዚህ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። በድሮው ሕግ የ5ኛ ሌቭል ሬንጀር ተኩላ 20 የሕይወት ነጥብ ነበረው። በዚያው ሌቭል ጠንቋይ የሚወረውረው የእሳት ኳስ 8 ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣልበታል፤ አማካዩ 28 ነው። ተኩላው ካላመለጠ አለቀለት። በ2020ው ስሌት የምድር እንስሳ 5 ሲደመር የሬንጀሩ ሌቭል 5 ጊዜ ይሰጠዋል፤ ማለትም 30። ቆስሎም ቢሆን ይቆማል። ቢሞት እንኳ ተጫዋቹ ዋጋ ከፍሎ የሚመልስበት መንገድ ይኑር። ስም አውጥቶ ያሳደገውን እንስሳ በአንድ ዳይስ የቀማችሁበት ሰው ሁለተኛ አይወደውም፤ ከኋላ ደብቆ ያስቀምጠዋል።

የእንስሳውን ዝርያ በተመለከተ ሦስት አብነት ይበቃል፦ የምድር፣ የውሃ፣ የሰማይ። ነብር ይሁን ድብ ተጫዋቹ ይምረጥ፣ ቁጥሩ አይቀየርም።

በመጨረሻ ዱሩ ራሱ። የ2014ቱ ሬንጀር በመረጠው መልክዓ ምድር ቡድኑን ከአስማት በቀር ምንም መንገድ አያስተውም ነበር። አስቸጋሪ መሬት አያዘገየውም፣ ምግብ ሲፈልግ እጥፍ ያገኛል። ሲሰሙት ጉልበት ይመስላል። ነገሩ ግን ተጫዋቹ የመጣበትን ጉዞ ያስዘልላል። ችግሩን ከማጥፋት ይልቅ ምርጫ ስጡት። ለምሳሌ በቀን አንድ ጊዜ ዱካ ሲያገኝ ለጨዋታ መሪው አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ስንት ናቸው? መቼ አለፉ? የቆሰለ አለ? እንስሳው አብሮት ካለ አሽትቶ ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምርለት። ያኔ ተኩላው ውጊያ በሌለበትም ሥራ አለው።

ለሙከራ በ3ኛ፣ በ5ኛና በ9ኛ ሌቭል አንዳንድ ውጊያ ተጫወቱ። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ያዙ። የሬንጀሩ ተራ ከሌሎቹ እጥፍ ከወሰደ ሕጉ በዝቷል። ተጫዋቹ እንስሳውን ማዘዝ ሁለቴ ከረሳ ደግሞ ወደ መጀመሪያው እርምጃ፣ ወደ ተራው ተመለሱ።