በጭነት መኪና ላይ የዘይት ግፊት ጌጅ ስታስገጥሙ

ከቃሊቲ ተነሥታችሁ ወደ አዋሽ ቆላ የምትመላለሱ የናፍጣ መኪና ባለቤቶች ተጨማሪ የዘይት ግፊት ጌጅ ብታስገጥሙ መልካም ነው፤ ቀዩ የዳሽቦርድ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው ግፊቱ ወደ 0.5 ባር ገደማ ከወረደ በኋላ ስለሆነ ማስጠንቀቂያው ዘግይቶ ይደርሳል። ጌጁን ከመግዛታችሁ በፊት መኪናው በ24 ቮልት የሚሠራ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ለ12 ቮልት የተሠራው ይቃጠላል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የሴንሰሩ (ግፊቱን ለክቶ ለጌጁ የሚያስተላልፈው፣ ሞተሩ ላይ የሚጠመዘዘው ክፍል) ጥርስ ነው። የአሜሪካውና የእንግሊዙ ልክ ሁለቱም 1/8 ኢንች ተብለው ቢሸጡም፣ የመጀመሪያው በአንድ ኢንች 27፣ ሁለተኛው ደግሞ 28 ጥርስ ስላላቸው፣ ጥቂት ዙር በእጅ ያልገባውን በቁልፍ ማስገደድ የሞኖብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) ጥርስ ያበላሻል። መካኒኩ «ይገባል» ቢላችሁም አትቸኩሉ። የፋብሪካው ማስጠንቀቂያ መብራትም እንዳይቀር ባለሦስት አፍ ማገናኛ ተጠቀሙ፤ ነገር ግን ከባዱ ሴንሰር በቀጥታ ሞተሩ ላይ ከተንጠለጠለ የናፍጣ ሞተር ንዝረት ማገናኛውን ሊሰብረው ስለሚችል፣ በዘይት ቱቦ አርቃችሁ ሻንሲው ላይ እሰሩት። ባለአንድ ሽቦ ሴንሰር በዚህ መልክ ሲታሰር ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚሄድ የራሱ ሽቦ ያስፈልገዋል።

ሥራው እንዳለቀ ሞተሩን አስነሥታችሁ ፍሳሽ አለመኖሩን ተመልከቱ፤ ዘይቱ በደንብ ከሞቀ በኋላም በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ ሲሠራ) የሚያሳየውን ግፊት መዝግቡ፣ ምክንያቱም በቀዝቃዛ ሞተር የሚታየው ከፍተኛ ንባብ ያታልላል።