ተሰባሪ ግዙፍ ሞለኪውሎችን በአዮን ጨረር ንጹሕ ወለል ላይ እንዴት ማሳረፍ ይቻላል?

ትንንሽ ሞለኪውሎች ቫክዩም ውስጥ ሲሞቁ ይተናሉ፤ ወለል ላይ ማሳረፋቸውም ቀላል ነው። ፕሮቲን ግን ከመትነኑ በፊት ያርራል። ስለዚህ የሚነሣው በሙቀት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው፤ ቻርጅ የተሸከመ ሞለኪውል አዮን ይባላል። ምሳሌያችን 12,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ የሚመዝነው ሳይቶክሮም ሲ የተባለው ፕሮቲን ይሁን።

1. ወለሉን ያጽዱ። የወርቅ ወይም የመዳብ ክሪስታል በአርጎን አዮን ይደብድቡ፣ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያሙቁት፣ ደጋግመው ይሥሩት። ግፊቱ ወደ 10⁻¹⁰ ሚሊባር ይውረድ። በ10⁻⁶ ሚሊባር የቀረው ጋዝ ወለሉን በጥቂት ሰከንዶች ይሸፍነዋል፤ በ10⁻¹⁰ ግን የሥራ ሰዓታት ያገኛሉ።

2. ፕሮቲኑን በውሃና በሜታኖል ያሟሙት፤ ጥቂት ፎርሚክ አሲድ ያክሉበት። እንደታጠፈ እንዲቆይ ከፈለጉ አሲዱንና ሜታኖሉን ትተው አሞኒየም አሲቴት ይጠቀሙ። ከዚያ በቀጭን መርፌ፣ በጥቂት ኪሎቮልት ይርጩት። ጠብታው ሲተንና ሲያንስ ቻርጁ እየተጠጋጋ ይበታትነዋል፤ በመጨረሻ ቻርጅ የተሸከሙ ሞለኪውሎች ብቻ ይቀራሉ። ጆን ፌን እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤልን የተጋሩት በዚህ ሥራ ነው።

3. ጨረሩን ግፊታቸው እየቀነሰ በሚሄድ ክፍሎች ያሳልፉ፤ በኳድሩፖል (አዮኖችን በክብደትና በቻርጅ ጥምርታ በሚለይ መሣሪያ) የሚፈልጉትን ብቻ ይምረጡ።

4. አሁን ያሳርፉት። ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ፍሬኑ ቮልቴጅ ነውና። ከወለሉ ፊት ባለ ፍርግርግ ላይ ቮልቴጁን ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ ጅረቱ የሚቋረጥበት ቁጥር የጨረሩን ጉልበት ይነግርዎታል። 8 ቮልት ላይ ከቆመ ለወለሉ ፖዘቲቭ 5 ቮልት ይስጡት፤ ለእያንዳንዱ ቻርጅ 3 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ) ይቀራል። 10 ቻርጅ የተሸከመ ፕሮቲን 30 ይዞ ይደርሳል፤ ጉልበቱ በመላ አካሉ ስለሚከፋፈል ትስስሩ አይበጠስም።

5. ጅረቱን እየለኩ ይቁጠሩ። 100 ፒኮአምፔር በ1 ሰዓት ውስጥ 10 ቻርጅ ያላቸው 225 ቢሊዮን ያህል ሞለኪውሎች ያደርሳል።

6. ናሙናውን አየር ሳያስነኩ ወደ ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ (ወለሉን በቀጭን ጫፍ እየቃኘ ምስል የሚያወጣ መሣሪያ) ያሸጋግሩ። በጀርመን ሽቱትጋርት የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ሳይቶክሮም ሲን ታጥፎም ተዘርግቶም ያዩት እንዲህ ነው። የጨረሩ ስፔክትረም (የአዮኖቹ የክብደት ልኬት) ንጹሕ ሆኖ ሳለ በምስሉ ቁርጥራጭ ከታየ፣ ወደ 4ኛው እርምጃ ተመልሰው የወለሉን ቮልቴጅ ትንሽ ከፍ ያድርጉ።