ጌጁ 22 ላይ ሲቆም፦ ከፍሪጅ ሞተር የተሠራ የቬኒየር መጫኛ፣ ችግሩና መፍትሄው

ቬኒየር (ጣውላ ላይ የሚለጠፍ ስስ የእንጨት ልባስ) በቫኪዩም ለመለጠፍ፣ ማለትም ኮላ የተቀባውን ሥራ ላስቲክ ውስጥ ከትቶ አየሩን በሞተር ለመሳብ፣ ቤት ውስጥ ብዙ ነገር አያስፈልግም። የአሮጌ ፍሪጅ ሞተር፣ የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ወፍራምና ጥርት ያለ ላስቲክ፣ ቱቦ፣ አንድ ሁለት ቫልቭ፣ ጌጅ (የግፊት መለኪያ)። ሞተሩን ያመጣሁት ከምናለሽ ተራ ነው። ዕቃውን ለመገጣጠም አንድ ቅዳሜ በቃኝ። ለምን እንደማይሠራ ለማወቅ ግን አንድ ወር ፈጀብኝ።

ሁላችንም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሞተሩን ነው። ሞተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ንጹህ ነው።

ጌጁ 22 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስም አለ

ሦስት ቀን ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። የፍሪጅ ሠራተኞች የሚይዙት ሰማያዊ ጌጅ ከዜሮ በታች እስከ 30 (ኢንች ሜርኩሪ) ይቆጥራል። ያየሁት መመሪያ ሁሉ 25 እና ከዚያ በላይ ይድረስ ይላል፣ የእኔው 22 ላይ ተገትሯል። ዳር ዳሩን ፈታሁ፣ ሲሊኮን ደፋሁበት፣ ሞተሩንም ልቀይር ተነስቼ ነበር።

ጥፋቱ የአዲስ አበባ ነው። እንጨቱን የሚጫነው ቫኪዩሙ ሳይሆን ከውጭ ያለው አየር ነው፤ ሞተሩ የሚያደርገው ከውስጥ የሚመክተውን አየር ማውጣት ብቻ ነው። ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው፣ ባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ቢሆን ነው። ውስጡን ጨርሶ ባዶ ብታደርጉት እንኳን ጌጁ ከ22 እምብዛም አያልፍም። (ባቄላ እዚህ አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል።) ባህር ዳር ከተማ ያለ ሰው 24 አካባቢ፣ ድሬዳዋ ያለ 26 አካባቢ ያያል። ጅቡቲ ወርዳችሁ ብትሠሩ 30 ሊጠጋ ይችላል።

ይበቃል ወይ? ከበቂ በላይ ነው። ጌጁ 20 ሲል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 0.7 ኪሎ ገደማ ያርፋል። 60 በ80 ሴንቲሜትር የሆነች የጠረጴዛ ፊት ላይ 33 ኩንታል ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ከ20 በላይ ከሆነ ዝም ብላችሁ ሥሩ። 15 ላይ ከቆመ ግን ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

ጌጁ አይወጣም፣ ወይም ሞተሩን ስታጠፉት ቶሎ ይወርዳል

አየር እየገባ ነው። ከየት እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ ላስቲኩ አጠገብ ያለውን ቫልቭ ዝጉና ሞተሩንና ቱቦውን ብቻ አሠሩ። እንዲህ ሲሆን ጌጁ ከወጣ ጥፋቱ የላስቲኩ ነው።

የሳሙና አረፋ መቀባት ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግን አይሠራም፣ ምክንያቱም ቀዳዳው አረፋውን ወደ ውስጥ ይስበዋል እንጂ አይነፋውም። ወይ ቀጭን ቱቦ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ሌላውን ጫፍ ዳር ዳሩን እያስኬዳችሁ የፉጨቱን ድምፅ ፈልጉ፣ ወይ ደግሞ ላስቲኩን ባዶውን ዘግታችሁ በብስክሌት መንፊያ ትንሽ ንፉትና ያኔ አረፋ ቀቡት።

እኔ ያገኘኋቸው ቀዳዳዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የእንጨቱ ስለታም ማዕዘን የበሳው ነው፤ ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ወረቀት አደብዝዙ፣ ወይ ቁራጭ ጨርቅ አልብሷቸው። ሁለተኛው በማስቲሽ የተለጠፈ ዳር ነው። ማስቲሽ በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ያሰኛል፣ ከዚያ ላስቲኩ ውስጥ ያለው ማለስለሻ እየወጣ ያላላውና ይላቀቃል። ማስቲሹን ተዉት። ላስቲኩን አንድ ጊዜ እጠፉት፣ ክፍት የቀሩትን ሦስት ጎኖች ቀጭን የፒቪሲ ቱቦ ላይ ጠቅልላችሁ በቁመቱ የተሰነጠቀ ወፈር ያለ ቱቦ ከላይ አልብሱት። ሦስተኛው ሽብሽብ ነው፦ ክረምት ላይ ላስቲኩ በብርድ ይደርቅና ጠቅልሉት ስትሉት ይሸበሸባል። ፀሐይ ላይ ትንሽ አስጡት፣ ይለዝባል።

ጌጁ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን በአንድ በኩል ላላ ብሏል

ይህ ተንኮለኛ ነው፣ ጌጁ ይዋሻችኋልና። ላስቲኩ መጀመሪያ የቱቦው አፍ ላይ ይለጠፍና መንገዱን ይዘጋል። ጌጁ የሚለካው ያቺን አንድ ጭብጥ ቦታ ነው፣ ወዲያ ማዶ አየሩ እንዳለ አለ። እጃችሁን ላስቲኩ ላይ አሳርፋችሁ ከቱቦው ወደ ጥግ ውሰዱት። በደህናው በኩል እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ከዚያ ድንገት ፍራሽ ይሆናል።

መፍትሄው ለአየሩ መንገድ መስጠት ነው። ላስቲኩ ውስጥ ከሥራው ሥር የሚነጠፈው የኤምዲኤፍ (ተፈጭቶ የተጨመቀ እንጨት) ጣውላ ላይ በየ10 ወይም 15 ሴንቲሜትሩ 3 ሚሊሜትር የሚሆን ቦይ በመጋዝ አውጡ፣ የቱቦውም አፍ ቦዩ ላይ ይረፍ። እኔ ከላይ ደግሞ ቀይ ሽንኩርት የሚመጣበትን መረብ ጆንያ ቀድጄ አነጥፋለሁ። ቬኒየሩ ላይ በቀጥታ ግን አይደለም፣ የመረቡ አሻራ ይቀራል። መጀመሪያ ቬኒየሩን የሚሸፍን ስስ ኤምዲኤፍ፣ ከዚያ መረቡ።

የፍሪጅ ሞተር ብዙ አየር ቶሎ አይስብም፤ ጉልበት አለው፣ ፍጥነት የለውም። ስለዚህ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት አየሩን በእጃችሁ ገፍታችሁ አውጡ። የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም ያለው ሰው በእሱ ይጀምር።

ሞተሩ ይግላል፣ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፣ መልሶ አልነሳም ይላል

ፍሪጅ ውስጥ እያለ ተመላሹ ጋዝ ያቀዘቅዘው ነበር። አሁን የሚመለስ ነገር የለም፣ ስለዚህ እየጋለ ይሄድና ኦቨርሎዱ (ሞተሩ ሲግል የሚያጠፋው መከላከያ) ይቆርጠዋል። ትንሽ ማራገቢያ አቁሙለት። ጌጁ 20 ሲደርስ ቫልቩን ዝጉና አጥፉት፣ 17 ሲደርስ መልሱት።

አልነሳም ሲል ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎቹ ላይ ያለው ግፊት እኩል ስላልሆነ ነው። በሞተሩና በላስቲኩ መካከል ቼክ ቫልቭ (አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) አስገቡ፣ ከቼክ ቫልቩ በሞተሩ በኩል ደግሞ ትንሽ መተንፈሻ ቫልቭ አድርጉ። ከማስነሳታችሁ በፊት ተንፈስ አድርጉት፣ ዝጉት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ።

ከመትፊያው ቱቦ ዘይት ይተፋል፣ ይህ ጤነኛ ነው። ቱቦውን ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ አስገቡት፣ የጠርሙሱን አፍ ግን አትድፈኑት። የተጠራቀመውን ዘይት አልፎ አልፎ መልሱለት፣ አለዚያ ደርቆ ይነክሳል።

ሞተሩን ከፍሪጁ ራሳችሁ አትቁረጡት። ጀርባው ላይ አር600ኤ የሚል ካለ ውስጡ ያለው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ጋዙን የፍሪጅ ሠራተኛ ያውጣው። የኤሌክትሪክ ገመዱም የመሬት ሽቦ ይኑረው፣ መግጠሚያው ይሸፈን።

መብራት ሄደ

ኮላ ቀብታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው የሚሄደው፣ ሌላ ጊዜ አይሄድም። ቼክ ቫልቩ ካለና ላስቲኩ ጥሩ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይታገሳል። የከባድ መኪና የፍሬን አየር ታንክ መካከል ላይ ካስገባችሁ ደግሞ ብዙ ይጨምርላችኋል። የቀለም ቆርቆሮ ወይም ጀሪካን ግን አትሞክሩ፣ ጭምድድ ይላል። የቡታ ጋዝ ሲሊንደርንም ተዉት፣ ውስጡ የቀረ ጋዝ ሊኖር ይችላል።

ቬኒየሩ አበጠ፣ ወይም ኮላ አልፎ ወጣ

በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት። ያልያዘበት ቦታ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ላስቲኩን ስትታገሉ ኮላው መድረቁ ነው። ሁሉን ነገር ካዘጋጃችሁ በኋላ ቅቡ፣ የምትቀቡትም ጣውላውን እንጂ ቬኒየሩን አይሁን፣ ቬኒየር ሲረጥብ ይጠቀለላል። የተጠቀማችሁት ነጭ ኮላ ከሆነ ሙቀት ሲነካው መልሶ ይለሰልሳል፦ ወረቀት አድርጋችሁ በካውያ ተጫኑት፣ እስኪቀዘቅዝ ክብደት ይኑርበት። እምቢ ካለ በእንጨቱ መስመር በምላጭ ሰንጥቁትና በመርፌ ኮላ አስገቡ።

አልፎ የወጣ ኮላ ኮላው በዝቷል ማለት ነው። በሩሎ ስስ አድርጉት። ከላይ ስስ ፌስታል አንጥፉ፣ ጋዜጣ ግን አይሆንም፣ እኔ ዋንዛ ላይ የእግር ኳስ ዜና አትሜበታለሁ።

ቶሎ አታውጡት፣ የኮላው ውሃ በላስቲክ ታፍኖ መውጫ የለውም። በበጋ አራት ሰዓት፣ በክረምት አዳር እተወዋለሁ።

ጣውላው ጎበጠ

አንድ ጎን ብቻ ለጥፋችኋል። ጀርባውንም ርካሽ ቬኒየር አልብሱት። ካወጣችሁት በኋላ መሬት ላይ አታስተኙት፣ በሁለቱም በኩል አየር እንዲያገኘው በጎኑ አቁሙት።

ሳጥኑ ተሰበረ

ያንን 33 ኩንታል አስታውሱ። ለእህቴ የጌጣጌጥ ሳጥን ገጣጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ክዳኑን ቬኒየር ላልብስ ብዬ ሙሉውን ላስቲክ ውስጥ ከተትኩት። ጌጁ 12 ሲል እንደ ፈንዲሻ ጧ አለ፣ አራቱም ጎኖች ወደ ውስጥ ገቡ። ባዶ ነገር ከሆነ ከመገጣጠሙ በፊት ለጥፉት፣ ወይ ውስጡን በልኩ በተቆረጠ እንጨት ሙሉት። እህቴ ሳጥኑ የት ደረሰ እያለች እስካሁን ትጠይቀኛለች።