ሊኑክስ ላይ የፓርቲሽን ሰንጠረዡ ጠፋ? ኮምፒውተሩን እንዳትዘጋው

መጀመሪያ እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ። ሪስታርት አታድርግ፣ ፎርማትም አታድርግ። ዲስኩ ባዶ መስሎ ቢታይህም ፋይሎችህ እዚያው ናቸው። የጠፋው እያንዳንዱ ፓርቲሽን (ዲስኩ የተከፋፈለበት ክፍል) ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚናገረው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ኤምቢአር በሚባለው በድሮው የዲስክ አከፋፈል ይሄ ሰንጠረዥ 64 ባይት ብቻ ነው፣ የሚቀመጠውም በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር (የዲስኩ ትንሿ ቁራጭ) ውስጥ ነው። እኔ አንድ ሌሊት ዲዲ የሚባለውን የመገልበጫ ትእዛዝ በተሳሳተ ዲስክ ላይ አስኪጄ ያንን ሴክተር በዜሮ ሞላሁት። ክው ነው ያልኩት። ያዳነኝ ማሽኑን አለማጥፋቴ ነው።

ለምን መሰለህ? ሊኑክስ ሲነሳ ሰንጠረዡን አንብቦ ሜሞሪ ላይ ይይዘዋል፤ ከፓርቲሽኖቹ አንዱ ማውንት ተደርጎ (ለአገልግሎት ተከፍቶ) እየሠራ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ ላይ ያለው ቢጠፋም ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የያዘውን አይለቅም። ስለዚህ ተርሚናል ክፈትና ሲስ ፎልደር ውስጥ ግባ፣ ከዚያ ብሎክ፣ ከዚያ የዲስክህ ስም፣ ኤስዲኤ ነው እንበል፣ ከዚያ ኤስዲኤ1። እዚያ ስታርት እና ሳይዝ የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። በካት ትእዛዝ አንብባቸው። ለሁሉም ፓርቲሽን እንደዚሁ አድርግና ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፍ። እዚያው ዲስክ ላይ ሴቭ እንዳታደርጋቸው!

ቁጥሮቹ የሚቆጠሩት በ512 ባይት ነው። ስታርት 2048፣ ሳይዝ 204800 ካለህ የመጨረሻው ሴክተር 206847 ነው፤ ደምረህ አንድ ትቀንሳለህ። ይቺን አንድ መርሳት ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤፍዲስክ የሚባለውን የፓርቲሽን ፕሮግራም ከፍተህ ፓርቲሽኖቹን በነዚሁ ቁጥሮች መልሰህ ፍጠር። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ፦ ኤፍዲስክ የድሮውን ፋይል ሲስተም ምልክት ካገኘ ልሰርዘው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። መልስህ ኖ ነው። ዬስ ካልከው ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ።

ሪስታርት አድርገህ ከነበረስ? አይዞህ። ዲስኩ የተከፋፈለው ጂፒቲ በሚባለው በአዲሱ አከፋፈል ከሆነ የሰንጠረዡ ቅጂ ዲስኩ መጨረሻ ላይ አለ። ኮምፒውተሩን በላይቭ ዩኤስቢ (ሊኑክስ ባለበት ፍላሽ) አስነሳና ጂዲስክ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈት፤ አር ብለህ ወደ ሪከቨሪ ሜኑ ግባ፣ ቢ ብለህ ሄደሩን (የሰንጠረዡን መግቢያ)፣ ሲ ብለህ ሰንጠረዡን ከቅጂው አምጣ። በፒ እየው። ትክክል ሲሆን ብቻ ደብልዩ ብለህ ዲስኩ ላይ ጻፈው።

ኤምቢአር ከሆነ ወይም የጂፒቲው ቅጂም ከጠፋ ቴስትዲስክ የሚባል ፕሮግራም አለልህ። ዲስኩን እያሰሰ የፋይል ሲስተም መነሻዎችን ይፈልጋል። አናላይዝ፣ ከዚያ ኩዊክ ሰርች በል። ያገኘው ፓርቲሽን ላይ ቆመህ የፒ ቁልፍን ስትጫን ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝርልሃል፤ የምታውቃቸው ስሞች ከታዩህ አግኝቶታል ማለት ነው። ራይት እስክትል ድረስ ዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም፣ ስለዚህ አትቸኩል።

ዲስኩ ራሱ እየተበላሸ ከሆነ ግን፣ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ወይም ማንበብ እያቃተው ከሆነ፣ ይሄን ሁሉ ከመሞከርህ በፊት ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠውና ቅጂው ላይ ሥራ።

ሰንጠረዡ ሲመለስ ወዲያው መጻፍ አትጀምር። በሪድ ኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) ማውንት አድርገህ አንድ ሁለት ትልልቅ ፋይል ከፍተህ እይ። ደህና ከሆነ ኤስኤፍዲስክ የሚባለውን ትእዛዝ በዳምፕ አማራጭ አስኪድና የሚያወጣልህን ጥቂት መስመር ጽሑፍ ለራስህ ኢሜል አድርገው። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ፋይል መልሰህ ለኤስኤፍዲስክ ትሰጠዋለህ።