«የዚያ ሄኒከን ሌላ ነው» ለሚል ዘመድ፦ የተለያዩ አገሮችን ቢራ በሦስት ብርጭቆ እንዴት እናወዳድራለን?

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ በመጣ ቁጥር ደሴ ላይ አንድ ክርክር አብሮት ይመጣል። ፒያሳ ቁጭ ብለን ገና የመጀመሪያው ቆርኪ ሳይነሳ «የዚያ ሄኒከንና የዚህ ሄኒከን አንድ አይደለም» ይላል። ኮምቦልቻ የሚሠራው ጓደኛችን ደግሞ ይቀበልና «ጊዮርጊስም የኮምቦልቻው ነው የሚለየው፤ ውሃው ነዋ!» ብሎ ሌላ ይጀምራል። ለዓመታት ለሁለቱም ራሴን ስነቀንቅ ኖሬ በመጨረሻ «እስቲ የቱ የቱ እንደሆነ ሳታውቁ ቅመሱትና እንያችሁ» አልኩ። ሁለት ጊዜ ሞክረነዋል። የመጀመሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት፦ ይህ ለጠጪዎች ነው፣ ያውም ሕጉ የሚለውን 21 ዓመት ለሞሉ። መጠኑ ለአንድ ሰው አንድ ጠርሙስ እንኳ አይሞላም።

1. መለያውን አንብቡ

ጠርሙሱን አዙራችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ፤ የት ተጠመቀ፣ አልኮሉ ስንት ነው፣ መቼ ተመረተ። ስሙ አንድ፣ ውስጡ ሌላ የሆነ ቢራ ብዙ ነው። ጊነስን እንይ። ደብሊን ውስጥ በድራፍት የሚቀዳው 4.2 በመቶ ገደማ አልኮል አለው፤ በናይትሮጅን ስለሚገፋ አረፋው እንደ ክሬም ነው፤ ጉሮሮ ላይም ቀላል ነው። ናይጄሪያ በጠርሙስ የሚታወቀው ግን 7.5 በመቶ ይደርሳል። በዚያ ላይ አገሪቱ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገብስና ብቅል ከውጭ እንዳይገባ ስትከለክል ፋብሪካዎቹ ወደ ማሽላ ዞረዋል። ለቃሉና ለቆቦ ሰው የማሽላ ጠላ ከገብስ ጠላ በምን እንደሚለይ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የሌጎስ ሰው ደብሊን ሄዶ «ይሄማ ጊነስ አይደለም» ቢል እውነቱን ነው።

ቡድዋይዘር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የአሜሪካው ሩዝ ይገባበታል። የቼኩ ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ባለቤት፣ ሌላ ቢራ ነው። በስሙ ከመቶ ዓመት በላይ ስለተካሰሱ የቼኩ አሜሪካ ሲሻገር «ቼክቫር» ይባላል፤ የአሜሪካው ደግሞ በብዙ የአውሮፓ አገሮች «ቡድ» ተብሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን በዝግ ቅምሻ፣ ማለትም የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ በመቅመስ መፈተን ትርፉ ድካም ነው፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

ፈተና የሚያስፈልገው እንደ ሄኒከን ያለው ነው። የአልኮል መጠኑ በአብዛኛው አገር 5 በመቶ ነው። እርሾውም እ.ኤ.አ. በ1886 ሆላንድ ውስጥ ተለይቶ የወጣው ነው፤ በየአገሩ ላሉት ፋብሪካዎች የሚላከው ከዚያው ነው። ፋብሪካው አንድ ዓይነት ለማድረግ ይህን ያህል ከደከመ፣ ልዩነት አለ የሚለው ዘመድ ማስረጃ ያምጣ።

2. ዕድሜያቸው የተቀራረበ ጠርሙስ ፈልጉ

ቢራ ሲቆይ የሚሻሻል የሚመስለው ሰው አለ። አንዳንድ አልኮላቸው የከበደ ዓይነቶች ይሻሻላሉ፤ ተራ ላገር፣ ማለትም እንደ ሄኒከንና ጊዮርጊስ ያለው ቢራ ግን ከተመረተበት ቀን ጀምሮ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ጠርሙስ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ኦክስጅን ቀስ እያለች ትሠራለች፤ ምሬቱ ይለዝባል፣ ሽታው እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ሰንብቶ፣ የሚሌን ሐሩር አቋርጦ በባቲ በኩል የወጣ ቢራ ከአገሩ ሲነሳ የነበረው ቢራ አይደለም። በተቃራኒው መንገድም ያው ነው፤ ዋሽንግተን ሐበሻ ምግብ ቤት የሚቀርበው ጊዮርጊስ ወራት ተጉዞ የደረሰ ነው። «እዚያ አይጥመኝም» የሚሉ ዘመዶቼን ድሮ በናፍቆት አሳብቤ ነበር፤ አሁን በኮንቴይነሩ አሳብባለሁ።

ስለዚህ በሁለቱ ጠርሙሶች መካከል ከሁለት ወር የበለጠ የዕድሜ ልዩነት ካለ ፈተናው የአገር ሳይሆን የዕድሜ ይሆናል። ቀን ስታነቡ ተጠንቀቁ፤ የፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ሳያንስ አሜሪካ የተሠራው ወሩን ያስቀድማል፤ 05/09 ግንቦት አካባቢ ይሁን መስከረም አካባቢ የሚለየው የት አገር እንደተጻፈ ስታውቁ ነው። ደግሞ ጠርሙስን ከጠርሙስ፣ ጣሳን ከጣሳ፣ ድራፍትን ከድራፍት እንጂ አታደባልቁ።

3. ከፀሐይ ደብቁት

የመጀመሪያውን ፈተና ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ያመጣቸውን አረንጓዴ ጠርሙሶች ለጌጥ ብዬ ሳሎን መስኮት ላይ ደረደርኳቸው፤ አራት ቀን የጧት ፀሐይ አገኛቸው። የአገር ውስጡ ከሳጥኑ አልወጣም ነበር። በፈተናው ቀን ከስድስታችን አምስቱ ልዩ የሆነውን ብርጭቆ አገኘነው። የአክስቴ ልጅ «አላልኳችሁም?» እያለ ሊያብድ ደረሰ። ከዚያ አንዱ «ግን ለምንድነው የተቃጠለ ጎማ የሚሸተው?» ሲል ነገሩ ተገለጠ።

ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕ፣ ማለትም በእኛ ጠላ የጌሾን ሥራ የሚሠራው አበባ፣ ብርሃን ሲያገኘው ይሰባበርና ሽታው የሚከብድ የድኝ ውሕድ ይወጣዋል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ከሆነ ደቂቃዎች ይበቁታል። ቡናማ ጠርሙስ በደንብ ይከላከላል፤ አረንጓዴው ትንሽ፤ ነጩ ምንም። ጣሳ ብርሃን አያስገባም። ያን ቀን ያወዳደርነው ሆላንድ የተጠመቀውንና ኢትዮጵያ የተጠመቀውን ሄኒከን መስሎን ነበር፤ የተወዳደሩት ግን የእኔ መስኮትና የሳጥኑ ጨለማ ናቸው። ከሱቅ ስትገዙም በረንዳ ላይ ለዕይታ የተደረደረውን ትታችሁ ከውስጥ ከሳጥን ይውጣልን በሉ።

ከመንገድ የደረሰ ቢራ አንድ ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ ይረፍ።

4. «ኖርማል ወይስ ቀዝቃዛ?»

አስተናጋጇ የምትጠይቀው ይህ ጥያቄ ከቢራው ስም የበለጠ ጣዕም ይለውጣል። በጣም የቀዘቀዘ ቢራ ምላስ ያደነዝዛል፤ ሁሉም አንድ ይሆናል። ሲሞቅ ደግሞ ጣፋጩና የአልኮሉ ሽታ ጎልቶ ይወጣል። ለማወዳደር የሚስማማው ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ሁሉንም ጠርሙሶች በአንድ ፍሪጅ፣ በአንድ መደርደሪያ አሳድሯቸው፤ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ። አንዱን ከበር ኪስ፣ አንዱን ከበረዶ ቤቱ ሥር ማውጣት ማጭበርበር ነው።

5. ብርጭቆው

ስድስት ሰው ከሆናችሁ አሥራ ስምንት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ያስፈልጋል። የሻይ ብርጭቆ ይበቃል፤ ከጎረቤት መበደር ያለ ነው። በሳሙና ታጥቦ ሳሙናው እስኪለቅ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፤ በጨርቅ አይወልወል፣ ተደፍቶ ይድረቅ። ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ ውሃ አፍስሱበትና ድፉት፤ ውሃው እንደ ስስ ሽፋን ከተንሸራተተ ንጹሕ ነው፤ ጠብ ጠብ ብሎ ግድግዳው ላይ ከቀረ ቅባት አለበት። ቅባት አረፋ ይገድላል። ከጥብስ በኋላ የሚጠጣ ቢራ አረፋው ወዲያው የሚጠፋው ከንፈራችን ላይ ባለው ቅባት ነው እንጂ ቢራው ስለሞተ አይደለም። ስለዚህ ጥብሱ ይዘግይ። ሚጥሚጣው ጭራሽ አይቅረብ።

6. ቀጂው ሾፌሩ ነው

የሚቀዳው ሰው የማይጠጣ መሆን አለበት። ከኮምቦልቻ ለሚመጡት በሐረጎ ጠመዝማዛ ማታ የሚመልሳቸው ሾፌር ስለሚኖር እሱን ሹሙት። ሌላ ክፍል ገብቶ ይቀዳል፤ ጠርሙሱን ከእሱ በቀር ማንም አያይም።

አንዱን ቢራ «ሀ»፣ ሌላውን «ለ» እንበል። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ብርጭቆ ይቀርብለታል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። ሥራው የተለየውን ማግኘት ብቻ ነው። ሁለት ብርጭቆ ብቻ ብታቀርቡ ሁሉም «አዎ ይለያያሉ» ይላል፤ ሰው ሲጠየቅ ልዩነት መፍጠር አያቅተውም። ሦስት ሲሆን ግን መዋሸት ይከብዳል።

ሦስት ብርጭቆ የሚደረደርበት መንገድ በትክክል ስድስት ነው፦ ሀሀለ፣ ሀለሀ፣ ለሀሀ፣ ለለሀ፣ ለሀለ፣ ሀለለ። ለስድስት ሰው አንዳንድ አድሉ። እያንዳንዱ ብርጭቆ 100 ሚሊ ሊትር ቢሆን ከየዓይነቱ 900 ሚሊ ሊትር ይፈጃል፤ ባለ 330ው ጠርሙስ ሦስት ሦስት ይበቃል። ሾፌሩ የብርጭቆውን ቂጥ በቁጥር ምልክት ያድርግና የማን የቱ እንደሆነ ወረቀት ላይ ይዞ ኪሱ ይክተት። የእኛ ሾፌር የመጀመሪያ ቀን በቃሉ ሊይዘው ሞክሮ ነበር። አይሆንም።

7. አቀማመስ

መጀመሪያ አሽትቱ፤ አረፋው ሳይጠፋ። ከዚያ ጎንጨት፤ አፍ ውስጥ ዞር ዞር አድርጎ መዋጥ። እንደ ወይን ቀማሽ አይተፋም፤ የቢራ ምሬት በደንብ የሚሰማው ከዋጡት በኋላ ነው። በመካከሉ ውሃና ነጭ ዳቦ።

ለሽታው የፈረንጅ ቃል አትፈልጉ። የተቆላ ገብስ ቆሎ፣ ጌሾ፣ ሙዝ፣ ቅቤ፣ እርጥብ ካርቶን፣ ጎማ፤ እነዚህ ይበቃሉ። ሙዙ ከእርሾው የሚመጣ ነው፤ ቅቤው ደግሞ ብዙ ጊዜ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቸኩሎ የወጣ ቢራ ምልክት ነው። ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ ማውራት ክልክል ነው። ደሴ ላይ ከባዱ ደንብ ይህ ነበር፤ የወሎ ሰው ዝም ብሎ ይጠጣል ማለት ዘበት ነው።

8. ቆጠራ

ስድስት ሰው ምንም ሳያውቅ ቢገምት በአማካይ ሁለቱ ይመታሉ። ሦስት ቢመቱ ምንም ማለት አይደለም። አራትም ቢሆን በዕድል ከአሥር አንድ ጊዜ የሚሆን ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በእርግጥ የሚለይ ነገር አለ፤ ያኔ ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ተራ ቁጥር 1፣ 2 እና 3 ተመለሱ።

ሁለተኛው ፈተናችን፣ ጠርሙሶቹ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከከረሙ በኋላ የተደረገው፣ ሦስት ለሦስት ወጣ። የአክስቴ ልጅ ከመቱት አንዱ ነው። የቱ ይሻልሃል ሲባል ግን በጣቱ የጠቆመው የአገር ውስጡን ነበር።

አሁን የያዘው አዲስ ክርክር «ደሴ ብርድ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። በዚህ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፤ ብርዱን የሚያመጣው ከፍታ ቢራውንም ይነካዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ዱባይ ላይ ረጋ ብሎ የሚከፈተው ቢራ እዚህ ቆርኪው ሲነሳ ይገነፍላል፤ ብርጭቆ ውስጥም ጋዙ ቶሎ ያልቃል። ኮምቦልቻ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷም ሌላ ነው። የተጠማ ሰው ቀዝቃዛ ቢራ ሲያገኝ ስለ ውሃው ባሕርይ ብዙ ባይናገር ይሻላል። ውሃ ለቢራ ወሳኝ ነው፤ የፒልዝን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1842 ያወጣችው ወርቃማ ቢራ ዝናው ከለስላሳ ውሃዋ ጋር ነው። ዘንድሮ ግን ትልልቅ ፋብሪካዎች ውሃውን አጣርተው፣ ማዕድኑን መጥነው ነው የሚጠምቁት። የኮምቦልቻው ጓደኛችን ቢራ የሚጣፍጠው የጊዮርጊስ ጠማቂ ቢጂአይ ሰፈሩ ድረስ ስለመጣለት፣ ማለትም ትኩሱን ስለሚያገኝ ይመስለኛል። ይህንንም በስድስት ጠርሙስ መፈተን ይቻላል፤ ሦስቱ ከዚያው፣ ሦስቱ ሌላ ከተማ ከተጠመቀው፣ ቀናቸው የተቀራረበ።

ሲያልቅ የአገር ውስጦቹን ጠርሙሶች ወደ ሳጥናቸው መልሱ፤ ባለ ግሮሰሪው ቆጥሮ ነው የሚረከበው። የውጭዎቹን አይቀበላችሁም። እኛ ዘንድ የቀሩትን የውጭ ጠርሙሶች አክስቴ አጥባ አረቄ ሞልታባቸዋለች።