ፍኖተ ሐሊብን ከሩቁ ሰማይ መለየት፦ በራዲዮ አስትሮኖሚ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሩቅ ጋላክሲ የራዲዮ ሞገድ መግነጢሳዊ መስክና ነጻ ኤሌክትሮኖች ባሉበት ሲያልፍ የፖላራይዜሽኑ (የመወዛወዣው) አቅጣጫ ይዞራል፤ ይህ የፋራዳይ ዙረት ይባላል፤ የሩቅ መግነጢሳዊ መስክ የሚጠናውም በእርሱ ነው። ቴሌስኮፕ የሚያነበው ግን የመንገዱን ሁሉ ድምር ነው። የምንጩ፣ የመካከለኛው (በጋላክሲዎች መካከል ያለው) ህዋ፣ የጋላክሲያችን የፍኖተ ሐሊብና የምድር አዮኖስፌር (ነጻ ኤሌክትሮኖች ያሉበት የላይኛው ከባቢ አየር) ድርሻ በአንድ ቁጥር ታጭቆ ይመጣል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የፍኖተ ሐሊብን የዙረት ካርታ እንደ እርግጠኛ ልክ ቆጥሮ መቀነስ ነው። እነ ሁትሸንሮይተር በ2022 ያወጡት ካርታ ከ55,000 በሚበልጡ ምንጮች ላይ የቆመ ነው፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሩቅ ጋላክሲዎች ናቸው። የምናጠናው ጋላክሲ ከእነርሱ አንዱ ከሆነ፣ ካርታው የራሱን ዙረት በከፊል ሳይውጥ አይቀርም፤ ስንቀንስ የምንፈልገውንም አብረን እንጥላለን። በምንጮቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ በስሌት የተሞላ ግምት ነው። በጋላክሲያችን ዝርግ አቅጣጫ ዙረቱ በመቶዎች ራዲያን በካሬ ሜትር (የዙረቱ መለኪያ አሃድ) ሲደርስ፣ የሩቆቹ የራሳቸው መዋዠቅ በአብዛኛው ከ10 ያንሳል። እዚያ መቀነስ ጤፍን ከነጆንያው መዝኖ የጆንያውን ክብደት እንደመገመት ነው። ወደ ጋላክሲው ዋልታዎች ማየት፣ የሚጠናውን ምንጭ ከካርታው አውጥቶ ማስላት፣ የካርታውንም የስህተት ወሰን እስከ መጨረሻው ውጤት ይዞ መሄድ ይሻላል።

ከፊት ያለን ደመና መርሳትም አለ። በዜታ ኦፊዩኪ ኮከብ ዙሪያ ያለው ሻርፕለስ 27 የተባለ የአዮን ጋዝ ደመና ሰማይ ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ከኋላው ያሉት ምንጮች ሁሉ የእርሱን ዙረት ተሸክመው ይደርሱናል። ይህን ሳያዩ የሩቅ መስክ አገኘን ማለት ያሳፍራል። እንዲህ ያለ ጋዝ የሚያበራበትን የሃይድሮጂን አልፋ ብርሃን ካርታ ገልጦ ማየት ብዙ አያደክምም።

በ2009 የታተመው የ37,543 ምንጮች የዙረት ዝርዝር የተሰላው ከሁለት የተቀራረቡ ፍሪኩዌንሲዎች ነው። የፖላራይዜሽን አቅጣጫ በየ180 ዲግሪው ራሱን ስለሚደግም አንዳንዱ ዋጋ በ650 ራዲያን በካሬ ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ቻናል ባለው ሰፊ ባንድ የተለካውን ማስቀደም ነው።

ርቀትም ይረሳል። ሞገዱ በዩኒቨርስ መስፋፋት እጥፍ ከተለጠጠ፣ በምንጩ ዘንድ 40 የነበረው ዙረት እኛ ጋ 10 ሆኖ ይነበባል። አዮኖስፌር ጥቂት ራዲያን በካሬ ሜትር ብቻ ይጨምራል፤ እንደ ሎፋር ባለ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ቴሌስኮፕ ግን ሳያርሙት ማለፍ አይቻልም።

እኔ የማምነው ጥንድ ምንጮችን ማወዳደርን ነው። ጎን ለጎን የሚታዩ ሁለት ምንጮች የፍኖተ ሐሊብን ድርሻ ከሞላ ጎደል ስለሚጋሩ በልዩነታቸው ውስጥ ይጠፋል። የአንድ ጋላክሲ ሁለት ክንፎች (በግራና ቀኙ የተዘረጉ የራዲዮ ደመናዎች) የሆኑትን ጥንዶች፣ በአጋጣሚ ከተጎራበቱና ርቀታቸው ከሚለያይ ጥንዶች ጋር ማመሳከር የመካከለኛውን ህዋ ድርሻ ያሳያል። ጋላክሲያችን በትንሽ ማዕዘን ውስጥም ስለሚለዋወጥ፣ የሚወዳደሩት ጥንዶች በሰማይ ላይ እኩል የተራራቁ መሆን አለባቸው።