ለንደን ያላችሁ፣ በገበሬው ማሳ የሚያልፈው መንገድ የእናንተም ነው

ብዙዎቻችን የእንግሊዝን ገጠር የምናውቀው በባቡር መስኮት ነው። አጥሩንና በሩን ስናይ የሰው መሬት ነው ብለን እንተወዋለን። «የሰው እህል እንዳትረግጥ» እየተባልን ነዋ ያደግነው።

ግን በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የገጠር መንገድ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ብዙው የሚያልፈውም በግል እርሻ ውስጥ ነው። ፈቃድ አትጠይቁም፣ አትከፍሉም። ገጠሩ ለእግረኛ እንዲከፈት ሰው ታስሮበታል፦ እ.ኤ.አ. በ1932 ኪንደር ስካውት በሚባለው ተራራ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞች የባለርስቱን ጠባቂዎች አልፈው ወጡ፣ አምስቱም ወህኒ ወረዱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቼሻም ሂዱ። የሜትሮፖሊታን መስመር መጨረሻ ነው፣ ኦይስተር ይሠራል። ከዚያ የቼስን ወንዝ ተከትላችሁ ሪክማንስወርዝ ድረስ 16 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያም ያው ባቡር ስላለ በመጣችሁበት መመለስ የለም። ልጆች ካሉ ላቲመር መንደር ላይ አቋርጣችሁ ወደ ቻልፎንት ኤንድ ላቲመር ጣቢያ ውጡ።

መንገዱን የምታውቁት በእንጨት ላይ በተለጠፈ ቀስት ነው። ቢጫው ለእግረኛ ብቻ ነው፣ ሰማያዊው ለፈረስና ለብስክሌትም። ቀስቱ እህል መሀል ቢያስገባችሁ አትፍሩ፣ በመስመሩ ላይ አንድ በአንድ ተከታትላችሁ እለፉ። በር ዝግ ካገኛችሁ ዘግታችሁ፣ ክፍት ካገኛችሁ እንደተከፈተ ትታችሁት ሂዱ።

ላሞች ላይ ግን አደራ። ከብት ጠብቀን ያደግን ሰዎች እናቃልለዋለን፣ ግን ጥጃ ያላት ላም እዚህም ያው እናት ናት። በላምና በጥጃዋ መካከል በፍጹም አትግቡ፣ ራቅ ብላችሁ ዙሩ። ውሻ ይዛችሁ ላሞቹ ካባረሯችሁ ገመዱን ልቀቁት።

ክረምት ላይ ጭቃው ከባድ ስለሆነ ስኒከር አይሆንም፤ ቦቲ አድርጉ። ቡና በፔርሙዝ፣ ቆሎና ዳቦ ያዙ። ለንደን ቀና ብሎ የማያይ ሰው እዚያ ሲያገኛችሁ ሰላም ይላል፣ እናንተም በሉ። እኔ ይሄን ሰላምታ በጣም ነው የምወደው፣ አገር ቤት መንገድ ላይ ያለሁ ይመስለኛል።

መንገዱ በሽቦ ወይም በቁልፍ ተዘግቶ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱና ለአካባቢው ካውንስል ጻፉ። የማስከፈት ግዴታ አለበት።